አባ ማቴዎስ ሪቺ በቻይና ሊቃውንት መካከል

በቦሌ ጎዳናዎች ከቻይናውያን ጋር በየዕለቱ ስንተላለፍ፣ ዕድሜያቸውን ለዚያ ሕዝብ የሰጡት ኢየሱሳዊ ካህን ትዝ ይሉናል። አባ ማቴዎስ ሪቺ በ1552 እ.ኤ.አ. በኢጣልያ፣ በማቼራታ ተወለዱ። በ1583 ቻይና ገብተው በመጀመሪያ የቡድሃ መነኮሳትን ልብስ ለበሱ፤ ሕዝቡ ይበልጥ የሚያከብረው የኮንፊሽየስን ሊቃውንት መሆኑን ሲረዱ ግን በ1595 የእነርሱን ልብስ ያዙ። ልብስ መለወጥ እንኳ ቀላል ነበር፤ የሊቃውንቱን መጻሕፍት በቋንቋቸው ለማጥናት ዓመታት ፈጀባቸው። በዚያው ዘመን አባ ጴጥሮስ ፓኤዝ በአገራችን ግዕዝና አማርኛ ይማሩ ነበር።

በ1601 ቤይጂንግ ገቡ፤ ለንጉሠ ነገሥቱም ደወል ያለው ሰዓት አበረከቱ። ከሊቁ ሹ ጓንግቺ ጋር የኤውክሊድን ጂኦሜትሪ የመጀመሪያ ስድስት መጻሕፍት ወደ ቻይንኛ መለሱ።

ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነበር። ክርስቲያን የሆነ ቻይናዊ ለሙታን አባቶቹ መስገድና ዕጣን ማጠን ይፈቀድለታልን? በተዝካር ላደግነው ለእኛ ጥያቄው እንግዳ አይደለም። አባ ሪቺ ሥርዓቱን የልጅ አክብሮት እንጂ ጣዖት አምልኮ ነው አላሉም። በ1610 ሲያርፉ ንጉሠ ነገሥቱ የመቃብር ስፍራ ፈቀዱላቸው።

ሮም በ1704 ሥርዓቱን ከለከለች። በ1721 ንጉሠ ነገሥት ካንግሺ ስብከተ ወንጌልን አገዱ። ቅድስት መንበር ክልከላውን ያላላችው በ1939 ነው፤ ለአባ ሪቺም የክቡርነትን ማዕርግ በ2022 ሰጠች።