የዋግን ጠባይ ያጠኑና የኢትዮጵያን ዘር ያከበሩ ሊቅ፦ ፕሮፌሰር ኒኮላይ ቫቪሎቭ

ቢስቲማ፦ የወረባቦ ገበሬ በቆላው ማሽላ፣ በደጋው ስንዴና ገብስ የሚያመርት እንደመሆኑ መጠን የሰብልን በሽታ ከማንም በላይ ያውቀዋል። የማሽላው ራስ ፍሬ መያዝ ሲገባው ጥቁር ዱቄት ተሞልቶ ሲገኝ አረማሞ መታው ይባላል። ስንዴው እሸት ሊሆን ሲል አገዳው የሸክላ ቀለም ያለው ብናኝ ካወጣም ዋግ ገባበት ይባላል። ብዙ ሰው ዋግን የመጥፎ ጉም ወይም የዝናብ መዛባት ያመጣው ነገር አድርጎ ይቆጥረው ነበር። ጉሙና ጤዛው በሽታውን እንደሚረዱት እውነት ነው። በሽታው ራሱ ግን ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ በክረምት ከእበትና ከበሰበሰ ግንድ ላይ ብቅ የሚለው እንጉዳይ፣ በተለምዶ የጅብ ጥላ የምንለው፣ የቅርብ ዘመዱ ነው።

እነዚህ ሁሉ በሳይንስ ፈንገስ ተብለው ይጠራሉ። ፈንገስ ተክልም እንስሳም አይደለም። አረንጓዴ ቅጠል ስለሌለው ከፀሐይ ብርሃን ምግቡን መሥራት አይችልም። ስለዚህ አንዱ ከበሰበሰ ነገር፣ ሌላው ከሕያው ተክል ይመገባል። ሁሉም ጠላት ነው ማለት አይደለም፤ ሊጡን የሚያቦካውና ጠላውን የሚያፈላው እርሾ ከዚሁ ወገን ነው። የወደቀ ግንድና ቅጠል አበስብሶ ወደ አፈር የሚመልሰውም በአብዛኛው ፈንገስ ነው። ዋግ ግን ከሕያው ሰብል በቀር ምግብ የለውም።

ይህን የዋግ ጠባይ ከዘር ጋር አያይዘው በጥልቀት ከመረመሩት ሊቃውንት አንዱ ሩሲያዊው ፕሮፌሰር ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ ናቸው። እኚህ ሰው በ1919 ዓ.ም. አገራችን መጥተው ዘራችንን ያጠኑ ስለሆነ፣ የሕይወታቸው ታሪክ ለዘር ጉዳይ ኃላፊነት ላለበት የገበሬ ማኅበር መሪ ሁሉ ጠቃሚ ነው። ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ያልተባሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትውልድና ትምህርት

ቫቪሎቭ በ1887 በሞስኮ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ከገበሬ ቤተሰብ ወጥተው ወደ ንግድ የገቡ ሰው ነበሩ። በዚያን ጊዜ በሩሲያ ድርቅና የሰብል መጥፋት እየተመላለሰ ሕዝቡን በረሃብ ይቀጣው ነበር። ወጣቱ ቫቪሎቭ በሞስኮ የእርሻ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ገብተው የመመረቂያ ጥናታቸውን የሠሩት ማሳ በሚያጠፉ ቀንድ አውጣ መሰል ተባዮች ላይ ነበር። ከዚያም ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ሄደው በፈንገስና በዕፅዋት በሽታ ጥናት ቢሮ ውስጥ ሠሩ።

በ1913 ወደ እንግሊዝ አገር ተጓዙ። በዚያ ሮውላንድ ቢፈን የተባሉ ሊቅ፣ ስንዴ ቢጫ ዋግን የመቋቋም ችሎታውን እንደ ቀለሙና እንደ ቁመቱ ሁሉ ከወላጆቹ እንደሚወርስ በ1905 አሳውቀው ነበር። ይህ ታላቅ ነገር ነው። የመቋቋም ችሎታ የሚወረስ ከሆነ፣ ጠንካራውን ዘር ፈልጎ በማዳቀል ለልጅ ልጅ ማስተላለፍ ይቻላል ማለት ነው። ቫቪሎቭም ልዩ ልዩ ስንዴዎችን ጎን ለጎን እየዘሩ የትኛው በዋግና በአመዳይ መሰል ሻጋታ እንደሚጠቃ፣ የትኛውም እንደሚድን ይመዘግቡ ጀመር። የዚህን ምርምር ውጤት በ1919 ተክሎች ተላላፊ በሽታን ስለሚቋቋሙበት ሁኔታ በጻፉት መጽሐፍ አወጡት።

ዋግ እንዴት ይሠራል?

የቫቪሎቭን ሐሳብ ለመረዳት የዋግን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ዋግ የሚራባው በዓይን ተለይቶ በማይታይ ብናኝ ነው። በእጃችን ስንነካው የሸክላ ወይም የቢጫ ዱቄት የሚመስለው ይኸው በሺህ የሚቆጠር ብናኝ ነው። ነፋስ ከመሬት ያነሳውና ከወረዳ ወረዳ፣ አልፎም ከአገር አገር ያደርሰዋል። ብናኙ ጤዛ ባለበት ቅጠል ወይም አገዳ ላይ ሲያርፍ በሰዓቶች ውስጥ ይበቅላል። ቅጠሉ በሚተነፍስባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይገባል። ከገባም በኋላ ተክሉን ወዲያው አይገድለውም። ቀጭን መምጠጫ ወደ ውስጥ ሰዶ ለፍሬው የታሰበውን ምግብ ይቦጠቡጣል። አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ቆዳውን ቀዶ አዲስ ብናኝ ያወጣል። ስለዚህ ዛሬ በአንድ ጥግ የታየ ዋግ አየሩ ከተስማማው በአጭር ጊዜ ማሳውን ሁሉ ያዳርሳል። ፍሬውም የጨመደደና ክብደት የሌለው ይሆናል።

ከሁሉ የሚያስገርመው ዋግ መራጭ መሆኑ ነው። የስንዴው ዋግ ወደ ባቄላ አይሄድም። ከስንዴም ውስጥ አንዱን ዘር አጥቅቶ ሌላውን ሊተወው ይችላል። ነገር ግን በየጊዜው ጠባዩን የለወጠ አዲስ የዋግ ዝርያ ይነሳል። ትናንት የተከለከለበትን ስንዴ ዛሬ ይገባበታል። ስለዚህ ቫቪሎቭ አዲስ የመቋቋም ችሎታ ሁልጊዜ እንዲገኝ ከተፈለገ የዓለም ሰብሎች ልዩ ልዩነት ተሰብስቦ መጠበቅ አለበት ወደሚል አሳብ ደረሱ።

ቫቪሎቭ በኢትዮጵያ

በ1921 ቫቪሎቭ በፔትሮግራድ የነበረውን የዕፅዋት ጥናት ተቋም እንዲመሩ ተሾሙ። ከዚያም የሰብሎች ልዩ ልዩነት የበዛባቸውን የዓለም ክፍሎች እየተዘዋወሩ ያጠኑ ጀመር። አፍጋኒስታንንና የሜዲትራኒያን አገሮችን አዩ። በ1919 ዓ.ም. ክረምት ከመግባቱ በፊት በጅቡቲ በኩል በባቡር ገብተው ድሬዳዋንና ሐረርን ተመልክተው አዲስ አበባ ደረሱ። በጊዜው አልጋ ወራሽ የነበሩትን ራስ ተፈሪን አግኝተው የጉዞ ፈቃድ ተሰጣቸው። ቀጥሎም በበቅሎና በጭነት ከብት ዓባይን ተሻግረው በጎጃምና በጎንደር አድርገው እስከ አክሱም፣ ከዚያም ወደ አሥመራ ተጓዙ።

በየመንገዱ ከገበሬው ማሳና ከገበያው እህል ናሙና ይወስዱ ነበር። ጤፍን፣ ኑግን፣ እንሰትን የኢትዮጵያ የራሷ ሰብሎች ብለው መዘገቡ። በገብሱና በጠንካራው ስንዴ ላይ ያዩት የዓይነት ብዛት ግን ከሁሉ በላይ አስደነቃቸው። ነጩ፣ ጥቁሩ፣ ሐምራዊው በአንድ ማሳ ተደባልቆ ይበቅል ነበር። በአክሱም አካባቢም ጢም የሌለው ጠንካራ ስንዴ አገኙ። እንዲህ ያለ ስንዴ መኖር አለበት ብለው ሳያዩት ገምተውት ስለነበር ግኝቱ ደስታቸውን እጥፍ አደረገው። ኢትዮጵያንም ከዓለም ዋና ዋና የሰብል መነሻዎች መካከል ቆጠሯት። በኋላ በተደረገ ምርምር ስንዴና ገብስ በመጀመሪያ የለሙት በመካከለኛው ምሥራቅ እንደሆነ ታውቋል። ሆኖም ወደ ኢትዮጵያ ከገቡ በኋላ በገበሬው እጅ በብዙ ዓይነት መባዛታቸው የጸና ሐቅ ነው።

የኢትዮጵያ ዘር ለዓለም የዋለው ውለታ

ከቫቪሎቭ ጉዞ 10 ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1937 እና በ1938፣ የጀርመን አጥኚዎች ከኢትዮጵያ የገብስ ዘር ወሰዱ። ከእነዚህም መካከል ነጭ ሻጋታ መሰል የቅጠል በሽታን የሚቋቋም ገብስ ተገኘ። ይህ ችሎታ በማዳቀል ወደ አውሮፓ ገብሶች ገባ። ከ1980ዎቹ ጀምሮም በዚያ ባሉ ሰፊ ማሳዎች ላይ ሲያገለግል ኖሯል። እንዲሁም ዩጂ-99 የተባለውን አደገኛ የግንድ ዋግ ከሚቋቋሙት የስንዴ የውርስ ባሕርያት አንዱ ከሚገኝባቸው ምንጮች መካከል የኢትዮጵያ ጠንካራ ስንዴ ይገኝበታል። ይህ ዋግ በ1998 በኡጋንዳ ታይቶ በ2003 ኢትዮጵያ የገባ ነው።

በራሳችን ማሳ የደረሰውም ትምህርት የሚሰጥ ነው። በ2010 ቢጫ ዋግ ተነስቶ ኩብሳ የተባለውን በሰፊው የተዘራ ስንዴ ክፉኛ አጠቃው። ከዚህም የተነሳ ቢጫ ዋግንና ዩጂ-99ን ይቋቋም የነበረው ዲገሉ የተባለ ስንዴ በብዛት ተሠራጨ። ነገር ግን በ2013 ሌላ ዓይነት የግንድ ዋግ ተነስቶ በባሌና በአርሲ ዲገሉን አወደመው። ዲገሉ መጥፎ ዘር ስለነበረ አይደለም። ሰፊ አገር በአንድ ዘር ብቻ ሲሸፈን፣ ያን ዘር መግባት የቻለ ዋግ በሩ ሁሉ ይከፈትለታል። ቫቪሎቭ ሲያሳስቡ የነበረው ይህንኑ ነው።

የመጨረሻ ዘመናቸው

የቫቪሎቭ ፍጻሜ አሳዛኝ ነበር። በ1930ዎቹ ትሮፊም ሊሴንኮ የተባለ ሰው የዘር ውርስን ሳይንስ እያንቋሸሸ፣ ፈጣን ምርት አመጣለሁ በማለት የስታሊንን ድጋፍ አገኘ። ቫቪሎቭ እውነቱን አልለውጥም ስላሉ በ1940 ለጥናት በወጡበት በምዕራብ ዩክሬን ተያዙ። በሐሰት ክስ ሞት ተፈረደባቸው። ፍርዱ ወደ 20 ዓመት እስራት ቢለወጥም ጥር 18 ቀን 1935 ዓ.ም. በሳራቶቭ እስር ቤት በረሃብ ተዳክመው ሞቱ። ሕዝብ እንዳይራብ ዕድሜ ልካቸውን የደከሙት ሰው ራሳቸው በረሃብ አለፉ። ክሱ ሐሰት መሆኑ ታውቆ ስማቸው የታደሰው በ1955 ነው።

እርሳቸው በታሰሩበት ጊዜ የጀርመን ጦር ሌኒንግራድን ከቦ ነበር። በተቋሙ ውስጥ ሩብ ሚሊዮን ገደማ የዘር ናሙና ተቀምጧል። ሠራተኞቹ ሩዝና ስንዴ፣ ለውዝና ድንች በእጃቸው እያለ አንዲት ፍሬ ሳይነኩ ዘሩን ጠበቁት። ከእነርሱም በርካቶቹ በረሃብ ሞቱ። ዘር በልቶ ከመኖር ዘር ጠብቆ መሞትን መርጠዋል። ተቋሙም ዛሬ በቫቪሎቭ ስም ይጠራል።

የወሎ ገበሬ ይህን ታሪክ ከሌላው ይልቅ ይረዳዋል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ስንቱ ቤተሰብ የዘር ቋቱን እስከ መብላት ደርሷል። በ1976 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የዕፅዋት ዘር ማዕከል በዶክተር መላኩ ወረደ መሪነት የገበሬውን ዘር ለማዳንና መልሶ ወደ ማሳ ለማግባት ከገበሬዎች ጋር ሠርቷል፤ ከሥራው ቦታዎች አንዷ ወሎ ነበረች። ይኸው ማዕከል ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ሆኗል።

የማኅበር መሪዎች ሊያደርጉት የሚገባ

ምርጥ ዘር አይዘራ ማለት አይደለም። ነገር ግን የቀበሌው ስንዴ ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳይሆን፣ የተለያዩ ዘሮች በተለያዩ ማሳዎች እንዲዘሩ መመካከር ይገባል። የአያት የቅድመ አያት ዘርም ምርቱ አነሰ ተብሎ ከናካቴው መጥፋት የለበትም። እያንዳንዱ ቤተሰብ ጥቂት መደብ ቢዘራለት ይቆያል። ለዘር የሚሆነውን ደግሞ ከአውድማ ከማፈስ ይልቅ፣ ሰብሉ በማሳ ሳለ ጤነኛውን ራስ እየመረጡ ለብቻ ማጨድ ይሻላል። አረማሞ ከዘሩ ጋር ተጣብቆ የሚተላለፍ ስለሆነ ለማሽላ ይህ በጣም ያስፈልጋል።

የበልግና የመኸር ስንዴ በሚዘራበት ደጋ ዋግ ከአንዱ ወቅት ወደ ሌላው የሚሻገረው በአረንጓዴው ሰብል ላይ ነው። ስለዚህ በየድንበሩ ሳይዘራ የበቀለውን ስንዴ መንቀል ይገባል። ሰብሉንም በየሳምንቱ መመልከት ያስፈልጋል። በቅጠሉ ላይ በመስመር የተደረደረ ቢጫ ብናኝ ቢጫ ዋግ ነው። ተበታትኖ የሚታይ ቡናማ ነጠብጣብ የቅጠል ዋግ ነው። አገዳውን ቀዶ የሚወጣው ረዘም ያለ ሸክላማ ቁስል ደግሞ የግንድ ዋግ ነው። ከእነዚህ አንዱ እንደታየ ለእርሻ ባለሙያው በዚያው ቀን መንገር ይገባል። መድኃኒት የሚረዳው ዋጉ ሳይዛመት በመጀመሪያው ላይ ሲረጭ ነው።