ሰር ጆን ሶን፦ ያገኙትን ለሙያቸው የመለሱት የግንበኛ ልጅ

የሙያ ማኅበራት የምሥረታ በዓላቸውን ሲያከብሩ ከንግግሩና ከሽልማቱ ጋር ሁልጊዜ የሚነሣ አንድ ጉዳይ አለ፤ እርሱም ሙያውን በገንዘባቸው የደገፉ ሰዎች ውለታ ነው። በብሪታኒያ የሥነ ሕንፃ ታሪክ ከእነዚህ ለጋሾች መካከል ስማቸው በቀዳሚነት ከሚጠራው አንዱ ሰር ጆን ሶን ናቸው። ለ45 ዓመታት የእንግሊዝ ባንክ አርክቴክት ሆነው ያገለገሉትና በለንደን ከተማ ዛሬም ያለ ክፍያ የሚጎበኝ ቤተ መዘክር ለትውልድ ያቆዩት እኚህ ሰው የተነሡት ከአንድ ግንበኛ ቤት ነበር።

ሶን እ.ኤ.አ. በ1753 በቴምዝ ወንዝ ዳርቻ በምትገኘው ጎሪንግ በተባለች የእንግሊዝ መንደር ተወለዱ። ግንበኛው አባታቸው ልጃቸው የ14 ዓመት ታዳጊ ሳሉ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ከዚያ በኋላ ሶን በአባቱ ሙያ ይተዳደር ከነበረው ታላቅ ወንድማቸው ዘንድ ተጠግተው ኖሩ። ዕድሜያቸው 15 ሲሞላ በጊዜው ከታወቁት የለንደን አርክቴክቶች አንዱ የነበሩት ጆርጅ ዳንስ ወደ ቢሯቸው አስገቧቸው። በጡብና በኖራ ሥራ መካከል ያደጉት ታዳጊ የሕንፃን ንድፍ በወረቀት ላይ ማውጣት የተማሩት በዚህ ቢሮ ነው።

በ1771 ወደ ሮያል አካዳሚ ትምህርት ቤት ገቡ። አካዳሚው ከተመሠረተ ገና ሦስት ዓመቱ ሲሆን፣ ተማሪዎቹን የሚያስተምረው ያለ ክፍያ ነበር። ሶን በ1772 የብር ሜዳሊያ፣ በ1776 ደግሞ የድል መታሰቢያ ለሚሆን ታላቅ ድልድይ ባወጡት ንድፍ የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለሙ። ይህን ንድፍ ለመጨረስ ሲሉ ጓደኞቻቸው ካዘጋጁት የጀልባ ሽርሽር ቀርተው ነበር። በዚያ ሽርሽር ላይ ጀምስ ኪንግ የተባለው ጓደኛቸው ሰጥሞ ሞተ፤ ሶንም ዋና አይችሉም ነበር።

የወርቅ ሜዳሊያው ሌላ በር ከፈተላቸው። ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ በአካዳሚው በኩል የሚሰጠውን የጉዞ ድጎማ ፈቀዱላቸው። ድጎማው ለሦስት ዓመታት በየዓመቱ 60 ፓውንድ የሚከፈል ሲሆን፣ የመሄጃና የመመለሻ ወጪ ለብቻው ይታሰብ ነበር። በዚያ ዘመን ጥንታዊቷን ሮም በዓይኑ ያላየ አርክቴክት ትምህርቱ ጎዶሎ ተደርጎ ይቆጠር ስለነበር፣ አባት ለሌለው የግንበኛ ልጅ ይህ ገንዘብ ዕጣ ፈንታን የሚለውጥ ነበር። በ1778 ወደ ኢጣሊያ ተጓዙ፤ የጥንት ፍርስራሾችንም እየለኩ በወረቀት ላይ አሰፈሩ።

ይሁን እንጂ ጉዟቸው በታሰበው መንገድ አልተፈጸመም። በሮም የተዋወቋቸው ባለጠጋው የደሪ ጳጳስ ፍሬድሪክ ሄርቪ በአየርላንድ ትልቅ ሥራ እንደሚሰጧቸው ተስፋ አስጨበጧቸው። ሶንም የቀራቸውን የድጎማ ጊዜ ትተው ተመለሱ። በመንገድ ላይ የሣጥናቸው ታች ተገንጥሎ መጻሕፍታቸው፣ ንድፎቻቸው፣ የሥራ መሣሪያዎቻቸው፣ የወርቅና የብር ሜዳሊያዎቻቸው ጭምር ጠፉ። በ1780 እንግሊዝ ሲደርሱ የ120 ፓውንድ ዕዳ ነበረባቸው፤ አየርላንድ ሄደው ሲጠይቁም የተባለው ሥራ ሳይሰጣቸው ቀረ።

የሚቀጥሉት ዓመታት ለጥቃቅን ሥራዎች የዋሉ ነበሩ። በ1784 ኤልዛቤት ስሚዝን አገቡ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ የቤተሰቡ ስም አጻጻፍ አንድ ፊደል ይጎድለው ነበርና በዚሁ ዓመት ጨምረውበት ዛሬ በሚታወቀው መልክ መጻፍ ጀመሩ። በ1788 የእንግሊዝ ባንክ አርክቴክት ሆነው ሲሾሙ ሕይወታቸው ተለወጠ። ሁለት ዓመት ቆይቶም ሀብታም ሕንፃ ሠሪ የነበሩት የባለቤታቸው አጎት ሲሞቱ ከፍ ያለ ውርስ ደረሳቸው። በዚህ ገንዘብ በ1792 በለንደን ሊንከንስ ኢን ፊልድስ በተባለው አደባባይ ዳር ቁጥር 12 የሆነውን ቤት ገዙ፤ በኋላም ቁጥር 13ንና 14ን ጨመሩበት።

የባንኩ ሥራ የሶንን ጥበብ ከሁሉ ይልቅ ያሳየ ነበር። ባንኩ ገንዘብና ወርቅ የሚቀመጥበት ስለሆነ ለጥበቃ ሲባል በውጭ ግንቡ ላይ መስኮት እንዳይኖር ተፈለገ። ሶን ለዚህ ያገኙት መፍትሔ ብርሃንን ከላይ ማምጣት ነበር። አዳራሾቹን በጉልላት ሸፍነው፣ ከጣሪያው በሚገባ ብርሃን ለስላሳና እኩል የሆነ ድምቀት ሰጧቸው። ይህንኑ ዘዴ በደቡብ ለንደን በሠሩት የደልዊች የሥዕል ማሳያ ሕንፃ ላይም ተጠቀሙበት። በኋላ ዘመን የተሠሩ ብዙ የሥዕል ቤተ መዘክሮች የዚህን ሕንፃ አሠራር አርአያ አድርገዋል።

በ1806 ሶን በተማሩበት በሮያል አካዳሚ የሥነ ሕንፃ ፕሮፌሰር ሆኑ። በዚያ ጊዜ ከናፖሊዮን ጋር በተደረገው ጦርነት ምክንያት የእንግሊዝ ተማሪዎች ወደ ኢጣሊያ መጓዝ አይችሉም ነበር። ስለዚህ ሶን ሮምን ወደ ተማሪዎቹ ለማምጣት ተነሡ። ለትምህርታቸው ማስረጃ የሚሆኑ ከ1,000 በላይ ትላልቅ ንድፎችን በቢሯቸው አሠሩ፤ የጥንት ዓምዶችንና የቅርጻ ቅርጾችን ቁርጥራጭ፣ የጄሶ ቅጂና የሕንፃ ሞዴል እየገዙ በቤታቸው አከማቹ። ትምህርት ከመስጠታቸው በፊትና በኋላ በነበሩት ቀናት ቤታቸውን ለተማሪዎች ክፍት ያደርጉ ነበር። እሳቸው በንጉሥ ገንዘብ ሄደው ያዩትን፣ መሄድ ያልቻለው ተማሪ በለንደን እንዲያየው ማለታቸው ነበር።

ከስብስቡ ሁሉ በላይ የታወቀው ከግብፅ የመጣው ነው። በ1817 ጆቫኒ ቤልዞኒ በነገሥታት ሸለቆ የፈርዖን ቀዳማዊ ሴቲን መቃብር ሲያገኝ፣ በውስጡ ከአልባስጥሮስ የተፈለፈለ ወደ 3 ሜትር የሚጠጋ የሬሳ ሣጥን ነበር። የብሪታኒያ ቤተ መዘክር የተጠየቀውን 2,000 ፓውንድ አልከፍልም ባለ ጊዜ ሶን በ1824 ገዙት። ሣጥኑን ወደ ምድር ቤቱ ለማስገባት የቤቱን ግድግዳ በከፊል ማፍረስ ግድ ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት ለሦስት ምሽቶች በመብራት አድምቀው ወደ 900 ለሚጠጉ እንግዶች አሳዩት።

ይህ ሁሉ ሀብት ሲከማች በቤተሰቡ ውስጥ ሌላ ታሪክ እየተፈጸመ ነበር። የሶን ምኞት ሁለቱ ልጆቻቸው ሙያቸውን እንዲወርሱና ቤቱም የአርክቴክቶች ዘር መኖሪያ እንዲሆን ነበር። ታላቁ ጆን ጤናው ደካማ ነበር፤ ለሙያውም ልቡ አላደላም። ታናሹ ጆርጅ ጸሐፊ መሆንን መረጠ፤ ገንዘብ አያያዙ ግን እጅግ የተበላሸ ነበር። በዕዳና በማጭበርበር ታስሮ ሳለ እናቱ ዕዳውን ከፍለው አስፈቱት። በዚሁ ዓመት፣ በ1815፣ የአባቱን ሥራና ቤታቸውን የሚያንቋሽሹ ሁለት ጽሑፎች ስሙን ሳይገልጽ በጋዜጣ አወጣ። ቀድሞውንም ታመው የነበሩት እናቱ የጸሐፊውን ማንነት ካወቁ በኋላ ሳምንታት ሳይቆዩ አረፉ። ሶን የሞታቸው ምክንያት ጽሑፎቹ ናቸው ብለው እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ አመኑ፤ ጽሑፎቹንም በፍሬም አስገብተው በቤታቸው ሰቀሏቸው። በዚያው ቤት ባለቤታቸው በ1802 በጨረታ የገዟቸው የዊልያም ሆጋርት ስምንት ሥዕሎች ነበሩ፤ የሚተርኩትም የአባቱን ውርስ አባክኖ ስለጠፋ ወጣት ነው።

በ1823 ታላቁ ልጅ ጆን ሲሞት በሕግ ወራሽ ሆኖ የቀረው ጆርጅ ብቻ ሆነ። ሀብቱ ለእርሱ ቢተላለፍ ስብስቡ ተበታትኖ መሸጡ አይቀርም ነበር። ሶን ይህን ለመከላከል ያልተለመደ መንገድ ተከተሉ። በ1833 ፓርላማው ቤቱንና በውስጡ ያለውን ሁሉ ለሕዝብ የሚያስተላልፍ ልዩ ሕግ እንዲያወጣ አደረጉ። ጆርጅ ሕጉን ተቃወመ፤ የፓርላማ አባል የነበሩት ዊልያም ኮቤትም አባት ልጁን ከውርስ መንቀሉን ነቅፈው ተከራከሩ። ሕጉ ግን ጸደቀ። በሕጉ መሠረት ቤቱ ሶን በሚሞቱበት ጊዜ እንደነበረ ተጠብቆ እንዲቆይ፣ ለሥነ ሕንፃ፣ ለሥዕልና ለቅርጻ ቅርጽ ተማሪዎችም ያለ ክፍያ ክፍት እንዲሆን ተወሰነ። ሙያው ያገኘው ትልቅ ስጦታ ከአንድ ቤተሰብ መፍረስ የተገኘ መሆኑ አይካድም።

በቀጣዩ ዓመት በ1834 የብሪታኒያ አርክቴክቶች ኢንስቲትዩት ተመሠረተ። መሥራቾቹ ሶን የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት እንዲሆኑ ጠየቋቸው። የሮያል አካዳሚ ደንብ አባላቱ በሌላ መሰል ማኅበር እንዳይገቡ ስለሚከለክል ግን ግብዣውን አልተቀበሉም። በ1835 የእንግሊዝ አርክቴክቶች ገንዘብ አዋጥተው የሶን መልክ የተቀረጸበት የወርቅ ሜዳሊያ አበረከቱላቸው። በወጣትነታቸው ያገኟትን ሜዳሊያ በመንገድ ያጡት ሰው፣ በ81 ዓመታቸው ከራሳቸው የሙያ ባልደረቦች ሌላ ተቀበሉ። ሶን በበኩላቸው ለተቸገሩ አርክቴክቶችና ለቤተሰቦቻቸው መደገፊያ የሚውል ገንዘብ ለገሱ።

ሰር ጆን ሶን እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 20 ቀን 1837 በ83 ዓመታቸው አረፉ። ኢንስቲትዩቱ የንጉሡን ቻርተር ያገኘው በዚያው ወር ነበር። በኋላም በስማቸው የተሰየመ ሜዳሊያ ለወጣት አርክቴክቶች ሽልማት ሆኖ ለብዙ ዓመታት ሲሰጥ ቆየ።

ኢንስቲትዩቱ በ1934 መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር በለንደን ፖርትላንድ ፕሌስ አዲሱን ዋና መሥሪያ ቤት መረቀ። በእነዚያው ዓመታት ግን ሶን ዕድሜያቸውን የሰጡት የእንግሊዝ ባንክ ሕንፃ ለአዲስና ለትልቅ ግንባታ ሲባል እየፈረሰ ነበር። ከሥራቸው የቆየው በአብዛኛው የውጭው ግንብ ነው፤ ታላላቆቹ አዳራሾች ጠፍተዋል። ወደ 30,000 የሚጠጉ የሕንፃ ንድፎች ያሉበት ቤታቸው ግን ሕጉ እንዳዘዘው ጸንቶ ይገኛል። ሶን ለቤቱ ማስተዳደሪያ የተዉት ገንዘብ ከጊዜ ብዛት ሲያንስም መንግሥት ወጪውን መደገፍ ጀመረ። የሥነ ሕንፃ ተማሪ ዛሬም ወደ ሊንከንስ ኢን ፊልድስ ሄዶ፣ ለመግቢያ ምንም ሳይከፍል፣ የግንበኛው ልጅ በሰው ድጎማ የተማሩትን መማር ይችላል።