የባንክ ጸሐፊው ትርፍ ሰዓት
(የጆርጅ ኢስትማን ሕይወት በአጭሩ)

በግቢያችን በየዕለቱ ከሚሰሙት ሰበቦች ሁሉ የሚበልጠው ጊዜ የለኝም የሚለው ነው። ሥዕል መሣል፣ ክራር መምታት ወይም ፎቶግራፍ ማንሳት የሚወድ ተማሪ ሞልቷል፤ ነገር ግን ፈተናው ይለፍ፣ ዲግሪው ይያዝ፣ ሥራው ይገኝ እያለ የወደደውን ነገር ከዓመት ወደ ዓመት ያሻግረዋል። ሥራው ሲገኝ ደግሞ ያው ሥራ ሌላ ሰበብ ይሆናል። ስለዚህ ከብዙዎቻችን ያነሰ ትርፍ ጊዜ የነበረውን የአንድ ሰው ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ ወደድን። ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጆርጅ ኢስትማን በ1854 በአሜሪካ፣ በኒው ዮርክ ግዛት፣ ዋተርቪል በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ በሮቸስተር ከተማ የንግድ ትምህርት ቤት ነበረው፤ ሆኖም ልጁ ስምንት ዓመት ሳይሞላው በ1862 ሞተ። እናቱ በቤቷ ተከራዮች እያሳደረች ልጆቿን ለማሳደግ ደከመች። ከሁለቱ እኅቶቹ አንደኛዋ በፖሊዮ የተጎዳች ነበረች። በዚህ ምክንያት ጆርጅ ገና በልጅነቱ ትምህርቱን አቋርጦ፣ በአንድ የኢንሹራንስ ቤት በሳምንት 3 ዶላር እየተከፈለው ተላላኪ ሆነ። ማታ ማታ ቤቱ ተቀምጦ የሒሳብ አያያዝ አጠና፤ በ1874ም በሮቸስተር የቁጠባ ባንክ በሳምንት 15 ዶላር ጸሐፊ ሆኖ ተቀጠረ። የቤተሰቡ ሸክም በእሱ ትከሻ ላይ ነበር።

24 ዓመት ሲሆነው ለዕረፍት ወደ ሳንቶ ዶሚንጎ ለመሄድ አሰበ። አንድ የሥራ ጓደኛው የጉዞውን መታሰቢያ በፎቶግራፍ እንዲይዝ መከረው። ጉዞው ሳይሆን ቀረ፤ ዕቃው ግን ተገዝቶ ነበር። የዚያን ጊዜ ፎቶ ማንሳት እንደ ዛሬው ቀላል አልነበረም። ካሜራው ትልቅ ሣጥን ነው፤ ከባድ ባለ ሦስት እግር መቆሚያ፣ የመስተዋት ሰሌዳዎች፣ የመድኃኒት ጠርሙሶች፣ የውሃ ዕቃና ጨለማ ክፍል የሚሆን ድንኳን አብረው ይጓዛሉ። መስተዋቱ መድኃኒት ይቀባል፣ በጨለማ ውስጥ የብር ጨው ባለበት ፈሳሽ ይነከራል፣ ሳይደርቅ ሥዕሉ ይነሣበታል፣ ሳይደርቅም እዚያው ይታጠባል። ኢስትማን ይህን ጥበብ ለመማር 5 ዶላር ከፈለ። ጥበቡን ወደደው፤ ሸክሙ ግን አስመረረው።

ሌላው ሰው ቢሆን ዕቃውን ሸጦ በተገላገለ ነበር። እሱ ግን በእንግሊዝ አገር ከሚታተም የፎቶግራፍ መጽሔት፣ በጄላቲን ስለሚቀባና ደርቆ ስለሚቀመጥ ሰሌዳ አነበበ። ደረቅ ሰሌዳ ከተገኘ ድንኳኑም ጠርሙሱም ይቀራል ማለት ነው። ቀን በባንክ ሒሳብ ሲደምር ይውላል፤ ማታ በእናቱ ወጥ ቤት መድኃኒት ሲያፈላና ሲቀላቅል ያመሻል። አንዳንድ ሌሊት ልብሱን ለማውለቅ እንኳ አቅም አጥቶ በምድጃው አጠገብ ወለሉ ላይ ብርድ ልብስ ለብሶ ይተኛ ነበር። ሲነጋ ጨርቄን ማቄን ሳይል ወደ ባንኩ ይሄዳል።

በ1879 ሰሌዳውን የሚቀባ መኪና ሠርቶ በእንግሊዝ አገር የፈጠራ መብት አገኘ። በ1881 መጀመሪያ፣ በእናቱ ቤት ተከራይ ከነበረው ከሄንሪ ስትሮንግ ጋር ማኅበር አቋቋመ፤ በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር ብቻ ባንኩን ተሰናበተ። እስከዚያ ድረስ የወር ደመወዙን አልለቀቀም፤ የቤተሰቡን እንጀራ በሙከራ ላይ መጣል አልፈለገምና።

ብዙም ሳይቆይ የሸጣቸው ሰሌዳዎች በየሱቁ ተበላሹ። ኢስትማን የተበላሹትን ሰብስቦ በደኅና ተካ፤ ጥፋቱም ከጄላቲኑ መሆኑን መርምሮ ደረሰበት። ኪሳራው ከባድ ነበር፤ ስሙ ግን ዳነ።

ከዚያ በኋላ መስተዋቱንም የሚያስቀር ፊልም ሠራ። በ1888 ኮዳክ የተባለው ካሜራ 100 ሥዕል የሚያነሣ ፊልም ይዞ በ25 ዶላር ወጣ። ባለቤቱ አንሥቶ ሲጨርስ ካሜራውን እንዳለ ወደ ሮቸስተር ይልካል፤ በ10 ዶላር ፊልሙ ታጥቦና ታትሞ፣ ካሜራውም አዲስ ፊልም ጐርሶ ይመለስለታል። በ1900 ደግሞ ብራውኒ የሚባለው በ1 ዶላር ተሸጠ። እስከዚያ ድረስ የባለሙያና የባለጸጋ የነበረው ጥበብ ለወዛደሩም ለተማሪውም ደረሰው።

ገንዘቡ ሲበዛ አብዛኛውን በሕይወቱ ሳለ ሰጠ። ለማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ከ1912 ጀምሮ ስሙን ደብቆ ስሚዝ በሚል ስም ወደ 20 ሚሊዮን ዶላር ለገሰ፤ ማንነቱ የታወቀው በ1920 ነው። ለሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ፣ እንዲሁም ጥቁር አሜሪካውያን ለሚማሩባቸው ለሃምፕተንና ለተስኪጊ ትምህርት ቤቶች ሰጥቷል። ትምህርቱን በድህነት ያቋረጠው ልጅ ሌሎች እንዳያቋርጡ ረዳ።

መጨረሻው ግን አሳዛኝ ነው። አላገባም፤ ልጅም አልነበረውም። የአከርካሪ ሕመም ጸንቶበት በ1932 በ77 ዓመቱ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። ይህን የምንጽፈው የሰውን ታሪክ በጎውን ብቻ ቆርጦ ማቅረብ ተገቢ ስላልመሰለን ነው።

እኛ ከዚህ ታሪክ የምንይዘው የሀብቱን መጠን አይደለም፤ ማታ ማታ የሚደክም ሁሉ ባለፋብሪካ አይሆንምና። የምንይዘው፣ የወደደውን ነገር ለመጀመር ሥራው እስኪቀልለት አለመጠበቁን፣ ሥራውንም ስለ ወደደው ነገር አለመበደሉን ነው። ዛሬ ካሜራው በስልካችን ውስጥ አለ፤ ድንኳን የሚሸከም የለም። የቀረን ሸክም ቆም ብሎ ማየት ብቻ ነው። ለክረምት ወደየቤታችን ስንመለስ የአያቶቻችንን ፊት፣ የምንወጣበትን ደጃፍ፣ የገበያውን ቀን አስተውለን ብናነሣ፣ ለዚህ የሚበቃ ሰዓት አናጣም።