የዶክተር መላኩ በያን አጭር የሕይወት ታሪክ

በኋላ ዘመን የቃሊቲ ማረሚያ ቤት በተሠራበት በአቃቂ ምድር የራዲዮ ጣቢያ ቆሞ ነበርና፥ የኢጣልያ ጦርነት በተቃረበ ጊዜ የኢትዮጵያ አቤቱታ ወደ ውጭ ዓለም የተሰማው ከዚያ ነው። ይህን አቤቱታ በአሜሪካ ምድር እየዞሩ ያሰሙት ግን ዶክተር መላኩ በያን ናቸው።

ዶክተር መላኩ በ1892 ዓ.ም. በወሎ ተወልደው በሐረር አደጉ። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንንም ለትምህርት ወደ ሕንድ ላኳቸው፤ ከዚያ ወደ አሜሪካ ተሻግረው በኦሃዮ ማስኪንገም ኮሌጅ ገቡ፤ በመጨረሻም በዋሽንግተን የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ በሆነው በሃዋርድ ሕክምና ተምረው በ1927 ዓ.ም. ተመረቁ።

በዚያ አገር ያዩት ነገር ከሕክምናው ይልቅ ልባቸውን ያዘው። ባሮች ነፃ ከወጡ 60 ዓመት ያህል ቢያልፍም፥ በደቡቡ ክፍል ጥቁርና ነጭ በአንድ ትምህርት ቤት እንዳይማሩ፥ በአንድ የባቡር ፉርጎ እንዳይቀመጡ በሕግ ተከልክሎ ነበር። ከንጉሥ አገር የመጣ እንግዳ ራሱን ከጥቁሮች ለይቶ ቢቆም መንገዱ ይቀናለት ነበር፤ መላኩ ግን ይህን አልወደዱም።

ነገሩ በአገር ቤትም ነበረና ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም። ከምዕራብ ጠረፍ በባርነት ይመጡ የነበሩት ሰዎች መልካቸው የጠቆረ ስለ ነበረ፥ ብዙ ሰው ባሪያ የሚለውን ቃል የመልክ ስም አድርጎት ነበር፤ ከጥቁር ወገን አይደለሁም የሚልም መኰንን አልጠፋም። ይኸው ወሬ ውቅያኖስ ተሻግሮ የአሜሪካን ጥቁሮች አሳዝኖ ነበር። መላኩም የታላቅ ባለሥልጣን ልጅ ታጭታላቸው ሳለ እጮኝነቱን አፍርሰው፥ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1931 አሜሪካዊቱን ጥቁር ሴት ዶሮቲ ሃድሊን አገቡ። በኦሪት ዘኍልቍ ማርያምና አሮን ሙሴን ስለ ኢትዮጵያዊት ሚስቱ እንዳሙት ካህናት ያውቃሉ፤ እዚህ ግን በሙሴ ቦታ የቆመው ኢትዮጵያዊው ነበረ።

በ1927 ዓ.ም. አብራሪውን ጆን ሮቢንሰንን ለኢትዮጵያ አገልግሎት ያገኙ እርሳቸው ናቸው። ሮቢንሰን ጥቁር በመሆኑ የአውሮፕላን ትምህርት ቤት አልቀበልም ቢለው፥ በዚያው ቤት ጠራጊ ሆኖ ገብቶ ትምህርቱን የቀሰመ ሰው ነው፤ በግንቦት ወር መጥቶ አየር ኃይሉን መራ።

መላኩ ራሳቸውም ከሚስታቸውና ከልጃቸው ጋራ ተመልሰው፥ በኦጋዴን ግንባር ከቀይ መስቀል ጋራ ቁስለኛ አከሙ፤ ኋላ ንጉሠ ነገሥቱን ተከትለው ወደ እንግሊዝ ተሰደዱ፤ በመስከረም 1929 ዓ.ም. ወደ ኒው ዮርክ ተላኩ።

በዚህ ጊዜ ኢጣልያ በአዲስ አበባ ነጩን ከጥቁሩ ትለይ ነበር፤ የአገሬው ሰው ገበያ ከአራዳ ተነሥቶ ወደ መርካቶ የሄደው በዚሁ ምክንያት ነው። ሚያዝያ 11 ቀን 1929 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ደግሞ፥ ኢጣልያዊ ከአገሬው ሴት ጋራ እንደ ባልና ሚስት ቢኖር ከ1 እስከ 5 ዓመት እንዲታሰር አዘዘ። ከአራት ወር በኋላ፥ ነሐሴ 19 ቀን፥ ዶክተር መላኩና ሚስታቸው በኒው ዮርክ የኢትዮጵያ የዓለም ፌዴሬሽን የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ፤ የኢትዮጵያ ድምፅ የተባለም ጋዜጣ አወጡ። ገንዘቡ ከድኻ ጥቁሮች ኪስ በሳንቲም የተለቀመ ነበር። ከነፃነት በኋላ በሻሸመኔ 5 ጋሻ መሬት የተሰጠው በዚሁ ማኅበር በኩል ነው።

ዶክተር መላኩ ድካም ስለ በዛባቸው በሳንባ በሽታ በ40 ዓመታቸው ሚያዝያ 26 ቀን 1932 ዓ.ም. በአሜሪካ ዐረፉ። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነውና፥ ያን ቀን ለማየት አንድ ዓመት ከአንድ ቀን ቀርቷቸው ነበር።