ዳግማዊ አፄ ምኒልክ፡- የጦር መሣሪያን ፈትተው መግጠም የወደዱ መሪ

የጦር መሣሪያ ብዛት ብቻውን የአንድን አገር ዳር ድንበር አያስከብርም። መሣሪያው ሲቆሽሽ የሚያጸዳው፣ ሲበላሽ ችግሩን ለይቶ የሚያቃናው፣ ከፈታውም በኋላ መልሶ የሚገጥመው ሰው ከሌለ በግምጃ ቤት የተከማቸ ብረት ሆኖ ይቀራል። ይህን እውነታ ቀድመው ከተረዱት የኢትዮጵያ መሪዎች መካከል ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም በሸዋ አንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም ሲሞቱ ሸዋ በአፄ ቴዎድሮስ እጅ ወደቀች። ሕፃኑ አልጋ ወራሽም ተማርከው ወደ ሰሜን ተወሰዱ። በዚያ ያሳለፏቸው አሥር ያህል ዓመታት ግን በእስር ብቻ የባከኑ አልነበሩም። አፄ ቴዎድሮስ የውጭ አገር ባለሙያዎችን በደብረ ታቦር አቅራቢያ በምትገኘው ጋፋት ሰብስበው መድፍ ለማሠራት ይደክሙ ስለነበር፣ ወጣቱ ልዑል የመሣሪያን ነገር በቅርብ የማየት ዕድል አገኙ። ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍ የተሠራው እርሳቸው በ1857 ዓ.ም ከመቅደላ አምልጠው የሸዋን ዙፋን ከያዙ በኋላ ነው።

በሸዋ ንግሥናቸው ዘመን ቤተ መንግሥታቸውን የጎበኙ የውጭ አገር ሰዎች ምኒልክ ለመሣሪያና ለልዩ ልዩ ማሽኖች የነበራቸውን ጉጉት በጽሑፎቻቸው አስፍረዋል። አዲስ ዕቃ ሲቀርብላቸው ከውጭ አይተው አያልፉም፤ ውስጡ እንዴት እንደሚሠራ ይጠይቃሉ፣ በእጃቸው ይፈትሻሉ፣ ክፍሎቹን እያስፈቱ ይመረምራሉ። በ1871 ዓ.ም አንኮበር የደረሰው የስዊዘርላንድ ተወላጅ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ይህን ጠባያቸውን በቅርብ ካወቁት አንዱ ነበር። ንጉሡ በመጀመሪያ ጫማ እንዲሠራላቸው፣ ቀጥሎም ጠመንጃ እንዲሠራላቸው እንዳዘዙት ይነገራል። ኢልግ ጠመንጃን ከአውሮፓ መግዛት እንደሚረክስ ቢያስረዳም ንጉሡ አልተቀበሉትም፤ በመጨረሻም መሐንዲሱ በአገር ውስጥ መሣሪያዎች አንድ ጠመንጃ ሠርቶ አቀረበ። የንጉሡ ዓላማ አንድ ጠመንጃ ማግኘት ብቻ አልነበረም፤ ይህ ሥራ በአገር ውስጥ የሚቻል መሆን አለመሆኑን ማወቅ ይሹ ነበር።

ይህ ዕውቀት በንግድም ጠቅሟቸዋል። በ1879 ዓ.ም ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ዘመን ያለፈባቸውን ጠመንጃዎች በግመል ጭኖ ሸዋ ሲገባ፣ ምኒልክ የዕቃውን ደረጃ አልሳቱም። ነጋዴው ካሰበው እጅግ ባነሰ ዋጋ ለመሸጥ ተገዷል።

በዘመኑ ወደ ኢትዮጵያ ይገቡ የነበሩት መሣሪያዎች ዓይነታቸው ልዩ ልዩ መሆኑ ከባድ ችግር ፈጥሮ ነበር። ሰናድር፣ ሬሚንግተን፣ ውጅግራና ሌሎችም በአንድ ሠራዊት ውስጥ ይገኙ ነበር። የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም፤ የአንዱ መቀርቀሪያም በሌላው ላይ አይገጥምም። በተጨማሪም የጊዜው ጥይት በጥቁር ባሩድ የተሞላ ስለነበር ከተተኮሰ በኋላ በአፈሙዙ ውስጥ ጥላሸት ይተዋል፤ ጥላሸቱም እርጥበት ስቦ ብረቱን ያዝገዋል። ስለዚህ ጠመንጃው በውኃ ታጥቦ፣ በጨርቅ ተወልውሎ ደርቆ፣ በቅባት መታሸት ነበረበት።

ከጽዳት በኋላ ያለው ሥራ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የመምቻው መርፌ በቦታው ካልተቀመጠ፣ ሞላው ከደከመ ወይም ቅባቱ በዝቶ ከረጋ ጥይቱ ይከሽፋል። መቀርቀሪያው በሚገባ ሳይዘጋ ከተተኮሰ ደግሞ አደጋው ለተኳሹ ራሱ ነው። ከረጅሙ ጠመንጃ እስከ ትንሿ የወገብ ሽጉጥ ድረስ ሕጉ አንድ ነው። በመጀመሪያ መሣሪያው ጥይት የሌለበት መሆኑ ይረጋገጣል፤ ክፍሎቹ በተራ ተፈትተው በቅደም ተከተል ይቀመጣሉ፤ ሲገጠም መጨረሻ የወጣው መጀመሪያ ይገባል። እምቢ ያለ ክፍል በኃይል አይመታም፤ ይልቁንም ወደ ኋላ ተመልሶ የትኛው ክፍል ያለ ቦታው እንደገባ ይፈለጋል። በመጨረሻም ጥይት ሳይጎርስ ይሞከራል።

የዚህ ሁሉ ዝግጅት ፈተና በዓድዋ መጣ። በሚያዝያ 1881 ዓ.ም የተፈረመው የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 በኢጣሊያንኛው ቅጂ ኢትዮጵያን ጥገኛ የሚያደርግ ሆኖ ስለተገኘ፣ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም ውሉን መሰረዛቸውን ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቁ። በእነዚያ ዓመታት ጥይት እንደ ገንዘብ በገበያ እስከ መገበያያነት ደርሶ ነበር። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም ከ17 ሺህ በላይ የሆነው የጄኔራል ባራቲዬሪ ጦር ድል ሲመታ፣ መድፎቹንና ወደ 11 ሺህ የሚጠጉ ጠመንጃዎችን ጥሎ ሸሸ። በዕለቱ በጅሮንድ ባልቻን የመሰሉ የመድፍ አዛዦች ያሳዩት ብቃት፣ ኢትዮጵያውያን ዘመናዊ መሣሪያን መጠቀም አያውቁም የሚለውን ግምት ከንቱ አድርጎታል። በአንጻሩ ይኸው መሣሪያ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ በተደረጉት የማስፋፋት ዘመቻዎች በብዙ ሕዝቦች ላይ ከባድ ጉዳት ማድረሱም የታሪኩ አካል ነው።

ከዓድዋ ድል በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ዓይናቸውን ወደ ምዕራብ ሸዋ መልሰው፣ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ በሆለታ ገነት ቤተ መንግሥት አሠሩ። አዲስ ዓለምንም በ1890ዎቹ መጀመሪያ አዲስ ዋና ከተማ ለማድረግ አስበው ነበር። ባሕር ዛፍ የአዲስ አበባን የማገዶ ችግር ሲያቃልል ሐሳቡ ቀረ፤ ለቤተ መንግሥት የታሰበው ሕንፃም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። በጥቅምት 1900 ዓ.ም ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጦር ሚኒስትርነቱን የያዙት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ነበሩ። እኚህ ሰው በልጅነታቸው ከጨቦ በዘመቻ ተማርከው ወደ ቤተ መንግሥት የመጡ፣ በችሎታቸው ለከፍተኛው ማዕረግ የበቁ ናቸው።

ይሁንና ጊዜው አልበቃም። ምኒልክ በጽኑ ሕመም ከሥራ ርቀው ከቆዩ በኋላ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም አረፉ። እርሳቸው በግል የነበራቸውን የመሣሪያ ዕውቀት በመደበኛነት ለመኮንኖች የሚያስተላልፍ ተቋም በሕይወት ዘመናቸው አልተመሠረተም። የሆለታ ገነት የጦር ትምህርት ቤት በስዊድን መኮንኖች መምህርነት በምኒልክ ቤተ መንግሥት የተከፈተው በ1927 ዓ.ም ሲሆን፣ ተማሪዎቹ ትምህርታቸውን ሳይፈጽሙ የፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ደረሰ። ያም ሆኖ ከእነዚህ ወጣቶች ብዙዎቹ በምዕራብ ኢትዮጵያ የጥቁር አንበሳን የአርበኝነት ድርጅት ተቀላቅለው ተዋግተዋል። ትምህርት ቤቱም ከነፃነት በኋላ ተከፍቶ ለአገሪቱ ብዙ መኮንኖችን አፍርቷል።

ከታላቁ ንጉሠ ነገሥት ሕይወት የሚገኘው ትምህርት ለጦር ሠራዊት ብቻ የሚሆን አይደለም። በመንግሥት ገንዘብ የተገዛ ማናቸውም ዕቃ፣ አሠራሩን የሚያውቅ፣ የሚጠብቀውና ሲበላሽ የሚጠግነው ባለሙያ አብሮት ሲዘጋጅ ብቻ አገልግሎት ይሰጣል። ዕውቀቱ በአንድ ሰው እጅ ብቻ ሲቀር ግን ከዚያው ሰው ጋር ያልፋል፤ ተተኪው ትውልድም ክፍተቱን የሚያየው መሣሪያው በሚያስፈልግበት ቀን ነው።