ኡኖ ላም፦ አንድ መቀየሪያ፣ 25 ዓመት

ይህን የምጽፈው ስልኬን ቻርጅ ላይ ሰክቼ ነው። ቻርጀሩን ስትነኩት ሞቅ ይላል አይደል? ከሶኬቱ የሚመጣውን ኤሲ ወደ ዲሲ እየቀየረ ነው። ይህንኑ ሥራ በአገር ደረጃ የሚሠሩ ጣቢያዎች አሉ፤ አንዱ ወላይታ ሶዶ ይገኛል። ከዚያ የሚነሳው የ500 ኪሎ ቮልት ዲሲ መስመር ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ኬንያ፣ ሱስዋ ይደርሳል። እዚያ ያለው ጣቢያ ደግሞ መልሶ ኤሲ ያደርገዋል። የሁለቱ አገሮች መረቦች ምታቸው አንድ መሆን ሳያስፈልገው ኃይል ይሻገራል።

የዚህን ነገር አባት ግን ስንቶቻችን እናውቀዋለን? እኔም ያወቅሁት በቅርቡ ነው።

ኡኖ ላም እ.ኤ.አ. በ1904 በስዊድን፣ ጎተንበርግ ተወለደ። ስቶክሆልም ምህንድስና ተምሮ አሴአ የተባለ ኩባንያ ተቀጠረ። ያኔ ዓለም ሁሉ የኤሲ ነበር። ይሁንና ኤሲ በረጅም የባሕር ገመድ ሲሄድ አቅሙ ገመዱን በመሙላትና በማራገፍ ያልቃል። ዲሲ ይህ ችግር የለበትም፤ የጠፋው ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚችል መቀየሪያ ነበር። በሜርኩሪ ትነት የሚሠራው የጊዜው መቀየሪያ፣ ቮልቴጅ ሲበዛበት ኤሌክትሪኩን ወደ ኋላ ይለቀዋል። ላም በመሃሉ ቮልቴጁን ደረጃ በደረጃ የሚከፋፍሉ ኤሌክትሮዶች የማስገባት ሐሳብ አመጣ። ለዚህ ሐሳብ በ1929 የፈጠራ መብት ሲወጣ ገና የሃያዎቹ ወጣት ነበር።

አለቀ? ኧረ የት! ሐሳቡ ከወረቀት ወጥቶ የሰው ቤት እስኪያበራ 25 ዓመት ፈጀ። ያ ሁሉ ዘመን የሙከራና የጥገና ነበር። በመጨረሻ በ1954 የጎትላንድ ደሴት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም የባሕር ገመድ 20 ሜጋ ዋት አገኘች። በ1961 ደግሞ የእንግሊዝና የፈረንሳይ መረቦች በ160 ሜጋ ዋት ተያያዙ። ሕዝባቸው መብራት የሚያበዛበት ሰዓት ስለሚለያይ፣ አንዱ ሲተርፈው ለሌላው ይልካል።

ከዚያስ? በ1970 እዚያው ጎትላንድ ላይ ታይሪስተር የሚባል አዲስ መቀየሪያ መጣ። ላም ዕድሜውን የሰጠው የሜርኩሪ ዕቃ ቀስ በቀስ ቦታውን ለቀቀ፤ እሱም በሕይወት እያለ አየው። በ1989 ካሊፎርኒያ ውስጥ አረፈ።

ወላይታ ሶዶ ላይ የሜርኩሪ ዕቃ የለም፤ የሚሠራው በታይሪስተር ነው። መንገዱ ግን ላም የጠረገው ነው። እኔ በሦስት ወር ውጤት አላየሁበትም ብዬ የተውኩትን ነገር ስቆጥር አፈርኩ። እናንተስ ስንት ጥላችኋል?