ረኔ ካዬ

ረኔ ካዬ በ1799 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ አገር ከድሃ ቤተሰብ ተወለደ። ወላጆቹ በልጅነቱ ቢሞቱበትም፣ በወርቅ የከበረች ናት የምትባለውን ቲምቡክቱን ለማየት ቆርጦ ተነሣ። ዐረብኛ ተምሮ፣ ግብፃዊ ነኝ እያለ በመጓዝ በ1828 ከከተማይቱ ደረሰ። ያገኘው ግን የጭቃ ቤቶችን እንጂ ወርቅን አልነበረም።

ከዚያም 600 ያህል ግመሎች ከሚነዱ የሲራራ ነጋዴዎች ጋር ተቀላቅሎ የሰሐራን በረሃ ማቋረጥ ጀመረ። በግመል ጀርባ ላይ በውኃ ጥም እየተሠቃየ፣ ከሦስት ወር በላይ ተጉዞ ሞሮኮ ውስጥ ከምትገኘው ከፌዝ ከተማ ገባ።

የፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር 10,000 ፍራንክ ሸለመው። ይሁን እንጂ ያየውን ሳያጋንን ስለ ተናገረ አንዳንዶች አላመኑትም። እርሱ በ1838 ከሞተ በኋላ፣ ጀርመናዊው ሄንሪክ ባርት በ1853 ቲምቡክቱ ደርሶ የካዬን ቃል እውነተኛነት አረጋገጠ።